«ለፖሊስተር ነው» የተባለው ዱቄት፦ ለየትኛው ፖሊስተር?

ጥያቄው እንዲህ ይላል።

«ሰላም ጋሼ። ፋይበር ግላስ ሠሪ ነኝ፤ ወርክሾፔ አዲስ አበባ ነው። የውሃ ታንከርና የመኪና ቦዲ ስሠራ ቆይቼ አሁን የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሳጥን ትእዛዝ ይዣለሁ። ደንበኛዬ ሳጥኑ ሃሎጅን፣ ማለትም እንደ ብሮሚንና ክሎሪን ያለ ነገር፣ የሌለበት ሆኖ ቪ-0 የሚባለውን የእሳት ፈተና ይለፍልኝ ብሏል። እስከ ዛሬ የምሠራው ብሮሚን ባለበት ሬዚን ነው፤ አንቲሞኒም እጨምርበታለሁ። አሁን አንድ አስመጪ ‹ይሄ ሃሎጅን የለውም፣ ለፖሊስተር ነው› ብሎ ነጭ ዱቄት ሸጠልኝ። ዋጋው እሳት ነው። ከረጢቱ ላይ አሉሚኒየም ዳይኢታይል ፎስፊኔት ይላል፤ ከሥሩ ፔት፣ ፒቢቲ የሚል አለ። ለ100 ኪሎ ተራ ሬዚን 10 ኪሎ ጨምሬ ስለኩሰው እንደ ድሮው ነደደ። ተሸውጄ ነው ወይስ አሠራሬ ነው? የቀረኝን አንቲሞኒስ ልጨምርበት? የወንድሜ ልጅ ደግሞ ኢንጀክሽን ማሽን አለው፤ ከፒቢቲ የብሬከር አካል ያወጣል። ለእሱስ ይሆነዋል?»

ሰላም ወንድሜ። አልተሸወድክም። ዱቄቱ ትክክለኛ ዱቄት ነው፤ «ለፖሊስተር ነው» መባሉም ውሸት አይደለም። ችግሩ የአንተ ፖሊስተርና የከረጢቱ ፖሊስተር ስማቸው አንድ ሆኖ ጠባያቸው የተለያየ መሆኑ ነው። ስንት ሰው በዚህ ስም ገንዘቡን እንዳጣ ስለማውቅ መልሴ ቢረዝምብህ ታገሰኝ።

በአገራችን ገበያ ፖሊስተር የሚባሉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፔት ነው። መጋረጃው፣ ሸሚዙ፣ የውሃ ጠርሙሱ ከሱ ነው። ወደ 255 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል። ሁለተኛው ፒቢቲ ነው፤ የፔት የቅርብ ዘመድ ነው። ወደ 223 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ሶኬት፣ ብሬከርና የሽቦ ማያያዣ ይሠራበታል። ሦስተኛው የአንተ ነው። በበርሜል የሚመጣ ፈሳሽ ሬዚን ነው፤ ስታይሪን ውስጥ ሟሙቶ ይመጣል። ሃርድነር ስትጨምርበት እርስ በርሱ ተቆላልፎ ይጠነክራል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደ ቅቤ ናቸው፤ ሲሞቁ ይቀልጣሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይረጋሉ። የአንተ እንደ ሸክላ ነው። አንዴ ከተተኮሰ ወደ ጭቃ አይመለስም። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ኤስተር የሚባለው የኬሚካል ማሰሪያ ብቻ ነው። እሳት ላይ ግን ሦስቱም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። መድኃኒቱም እንዲሁ ይለያያል።

ፕላስቲክ ሲነድ የሚነደው ጠጣሩ አይደለም። ሙቀቱ ጠጣሩን ይሰባብረዋል፣ ከውስጡ ጋዝ ይወጣል፣ ነበልባል የሚሆነው ጋዙ ነው። ነበልባሉ ተመልሶ ጠጣሩን ያሞቀዋል፤ ሌላ ጋዝ ይወጣል። እሳት አዘግዪ ቅመም ሁሉ ይህን ዙር አንድ ቦታ ላይ ይበጥሰዋል። የሚበጥስበት መንገድ ብዙ አይደለም፤ ሁሉንም ደግሞ ከቤት ታውቀዋለህ። እርጥብ እንጨት ለምን አይያያዝም? ሙቀቱ መጀመሪያ ውሃውን በማትነን ያልቃል። አንዱ መንገድ ይህ ነው። እናቶቻችን ማታ እሳቱን በአመድ ይዳፍኑት ነበር። ፍሙ እየጋለ ነበልባል አይወጣውም፤ አየሩም ጋዙም ስለታገደ ነው። ሌላው መንገድ ይህ ነው፤ ፕላስቲኩ ሲነድ በራሱ ላይ የከሰል ሽፋን እንዲሠራ ማድረግ ነው። የቀረው መንገድ በዓይን አይታይም። ነበልባሉ ውስጥ እሳቱን የሚያስኬዱ ቁርጥራጭ ሞለኪውሎች አሉ፤ እነሱን እየያዘ ሥራ የሚያስፈታ ነገር ወደ ነበልባሉ መላክ ነው።

ብሮሚን የሚሠራው በዚህ በመጨረሻው መንገድ ነው። አንቲሞኒ ደግሞ ብሮሚኑን ተሸክሞ ወደ ነበልባሉ የሚያደርስ ረዳት ነው። ስለዚህ የአንቲሞኒው መልስ አጭር ነው፤ አትጨምር። ብሮሚን ወይም ክሎሪን ከሌለ የሚሸከመው የለውም። ሬዚንህ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል። ብናኙ ደግሞ ሲተነፍሱት ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ነው። ሠራተኞችህን አስብ።

አሁን የገዛኸው ዱቄት። ፎስፎረስ አለበት፤ ሲሞቅ የፎስፎረስ ጋዝ ወደ ነበልባሉ ይልካል፣ ከታች ደግሞ ሽፋን እንዲሠራ ይረዳል። ብርጭቆ ቃጫ ባለበት ፒቢቲ ውስጥ ድንቅ ሥራ ይሠራል። እዚያም ቢሆን መጠኑ ከጠቅላላው ክብደት ከ15 እስከ 20 በመቶ አካባቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሜላሚን ያለበት ረዳት ይጨመርለታል። አንተ የጨመርከው ከጠቅላላው 9 በመቶ ብቻ ነው፤ ያውም ስታይሪን በበዛበት፣ ሲነድ ጥቁር ጥላሸት በሚተፋ ሬዚን ውስጥ። አለመሥራቱ አይገርምም። መጠኑን ብትጨምረው ለውጥ ማየትህ አይቀርም። ግን ለምን? ያ ዱቄት የተወደደው 250 ዲግሪ ማሽን ውስጥ ሳይበላሽ ስለሚያልፍ ነው። አንተ የምትሠራው በክፍል ሙቀት ነው። ለማትጠቀምበት ችሎታ ነው የከፈልከው።

ለአንተ የሚሆነው ርካሹ ነው። ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ግን ደንበኛህ ሃሎጅን ለምን እንደጠላ ልንገርህ። ብዙ ሰው ይህን የአውሮፓ ወረቀት ማሟያ አድርጎ ያየዋል፤ እኔ እንደዚያ አላየውም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ፒጃማ በቀላሉ እንዳይያያዝ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ሐሳቡ መልካም ነበር። አምራቾች የፖሊስተሩን ጨርቅ ትሪስ በሚባል ብሮሚን ባለበት ኬሚካል ይነክሩት ጀመር። አንዳንዱ ጨርቅ ላይ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ይደርስ ነበር። ኬሚካሉ ከጨርቁ ጋር አልተሳሰረም፤ ላዩ ላይ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1977 አርሊን ብሉምና ብሩስ ኤምስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ ነገር የዘር ቅንጣትን እንደሚጎዳ፣ ካንሰርም ሊያመጣ እንደሚችል ጽፈው አስጠነቀቁ። በዚያው ዓመት ለልጆች ልብስ ታገደ። ልቤን የሚነካው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በብሮሚኑ ቦታ የመጣው ክሎሪን ያለበት ወንድሙ ነበር። እሱም ጎጂ ሆኖ ከፒጃማ ወጣ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን በሶፋ ስፖንጅ ውስጥ ተገኘ። በሌላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የስቶክሆልም ስምምነት በየተራ አንዳንዶቹን ከዓለም ገበያ አስወጣ። ፔንታና ኦክታ የሚባሉት የብሮሚን ውህዶች እ.ኤ.አ. በ2009፣ ለስታይሮፎም የሚጨመረው ኤችቢሲዲ በ2013፣ ዴካ የሚባለው በ2017 ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን፣ እስከ ዛሬ የሠራህበት ሬዚን እንደ ፒጃማው አይደለም። ብሮሚኑ ከሬዚኑ የሞለኪውል ሰንሰለት ጋር የተሳሰረ ከሆነ እንደ ትሪስ ታጥቦ አይወጣም። የሱ ችግር ሲነድ ነው። ጭሱ አሲድ አለበት፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል፣ መዳብ ይበላል። ቆጣሪ ሳጥን ደግሞ የሚሰቀለው ሰው በሚኖርበት ግድግዳ ላይ፣ አንዳንዴም ብቸኛው የመውጫ ደረጃ ሥር ነው። ሌላው ደግሞ የወርክሾፑ ቁርጥራጭ ነው። የትርፍራፊው መጨረሻ የት ነው? በየሰፈሩ ቆሻሻ ጥግ ላይ በእሳት ይለቀቃል። ብሮሚንና ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ እንዲህ በዝግታ፣ በጭስ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባሉ መርዞች ይፈጥራል። የአንተን ብሮሚን ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ አጠገብ ሲጨስ አስበው። እኔ ሃሎጅን ይቅር የምልበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ወደ መፍትሔው። ስሙ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ በንግድ ኤቲኤች ይሉታል። ምናልባት ሳታውቀው ጠጥተኸዋል። ጨጓራ ሲያቃጥል የሚታዘዘው ነጭ ሽሮፕ ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም አብሮት ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ አለ። የሚገርመው ሁለቱም በፕላስቲኩ ዓለም ዋና እሳት አዘግዪዎች ናቸው።

ኤቲኤች ከክብደቱ 35 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ደረቅ ዱቄት ነው፤ ውሃው በኬሚካል ታስሮ ይቀመጣል። 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለቀዋል። የእርጥቡ እንጨት ነገር ማለት ነው። ለ100 ኪሎ ሬዚን 150 ኪሎ ብትጨምር 52 ኪሎ ያህል ውሃ ሬዚንህ ውስጥ አስቀመጥክ ማለት ነው። እሳት ሲመጣ ውሃው እየተነነ ሙቀቱን ይበላል፤ እንፋሎቱ የሚነደውን ጋዝ ያቀጥነዋል። የሚቀረው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ደግሞ እንደ አመድ ላዩን ይዳፍነዋል። ጭሱም ይቀንሳል። ለአንተ ሥራ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ በሳጥኑ ገጽ ላይ ኤሌክትሪክ መንገድ እየቀደደ እንዳይሄድ ያግዛል። በፕሬስ የሚሠሩ የፋይበር ግላስ የኤሌክትሪክ ሳጥኖች ውስጥ ኤቲኤች የተለመደው ለዚህም ነው።

ጉዳቱ መጠኑ ነው። 10 ኪሎ፣ 30 ኪሎ ቢጨመር ምንም አይታይም። ብቻውን ቪ-0 ላይ ለመድረስ ለ100 ኪሎ ሬዚን ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ይፈልጋል። ይህን ስታነብ «ገንፎ ይሆንብኛል እኮ» እንደምትል አውቃለሁ። እውነትህን ነው። ያለ ብልሃት ከሞከርከው ሮለር አይነካውም፣ ማቱ (የብርጭቆ ቃጫው ምንጣፍ) አይርስም፣ አየር ይይዛል። ስለዚህ ብልሃቱን ላውራህ።

የመጀመሪያው የዱቄቱ ልክ ነው። ሁሉም ኤቲኤች አንድ አይደለም። ደቃቁ፣ ሁለት ሦስት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) የሚሆነው፣ ሬዚን ይጠጣል፤ ቶሎ ያወፍራል። ሻካራው ሃያ፣ ሠላሳ ማይክሮን የሚሆነው በጣም ያነሰ ያወፍራል፤ ግን ይዘቅጣል። ሁለቱን አዋህድ። ኮንክሪት ላይ ጠጠሩ መሃል አሸዋው እንደሚገባው፣ በሻካራው ክፍተት ደቃቁ ይገባል፤ የሚወጣው ሬዚን ለማቅጠኛ ይተርፋል። አስመጪህን «የቅንጣቱ መጠን ስንት ማይክሮን ነው?» ብለህ ጠይቅ። መልስ ከሌለው ሌላ ጋ ሂድ።

ሁለተኛው ሬዚኑ ነው። ከመነሻው ቀጭን የሆነ፣ ለሙሌት የተዘጋጀ ሬዚን እዘዝ። ወፍራሙን ወስደህ ስታይሪን እየጨመርክ አታቅጥነው። ስታይሪን ነዳጅ ነው፤ በአንድ እጅህ የዳፈንከውን በሌላው ትቆሰቁሰዋለህ። ትራይኢታይል ፎስፌት የሚባል ፈሳሽ ግን አለ፤ ጥቂት ኪሎ ብቻ ስትጨምር ድብልቁን ያቀጥነዋል፣ ፎስፎረስ ስላለበት ለእሳቱም ያግዛል። ሲበዛ ግን ሳጥኑን ያለሰልሰዋል። ለ100 ኪሎ ሬዚን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሞክር፤ ከዚያ አትለፍ።

ሦስተኛው የማዋሐጃው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ሬዚኑን፣ ከዚያ ፈሳሽ ማቅጠኛውን፣ ከዚያ ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ። ቀስ ብሎ በሚዞር ሚክሰር አድርገው፤ በፍጥነት ከመታኸው አየር ያስገባል። ሳይጠነክር ማደር ካለበት በነጋታው እንደገና ቀላቅለው፤ ሥሩ ይዘቅጣል። ሃርድነር መጨረሻ ላይ ነው። የሃርድነሩን መጠን የምታሰላው በሬዚኑ ኪሎ እንጂ በድብልቁ ኪሎ አይደለም። 250 ኪሎ ድብልቅ ቢኖርህም ሬዚኑ 100 ነው፤ ከዚያ ላይ ነው አንድ ወይም ሁለት በመቶ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ፦ ኮባልት የሚባለውን ማፋጠኛና ሃርድነርን በቀጥታ አንድ ዕቃ ውስጥ እንዳታገናኝ። በአንድ ማንኪያ እንኳ አትለካቸው። ይፈነዳል። ስለ እሳት እየተጻጻፍን በዚህ ሰው ቢጎዳ በጣም ያሳዝነኛል።

ዱቄት የበዛበት ሬዚን ሲጠነክር ቶሎ አይሞቅም፤ ዱቄቱ ሙቀቱን ይወስዳል። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ይብስበታል። ሃርድነር በመጨመር ልታስቸኩለው አትሞክር። ክፍሉን አሙቅ፤ ከቻልክ ሳጥኑን ከፎርማው ካወጣህ በኋላ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰዓት አቆየው። በደንብ ያልጠነከረ ሬዚን ውስጥ ስታይሪን ይቀራል፤ ፈተና ላይ መጀመሪያ የሚያያዘው እሱ ነው።

ጄልኮቱ፣ ማለትም የሳጥኑ የላይ ቅብ፣ ደግሞ አለ። ውስጡን እንዲህ አስተካክለህ ላዩን በተራ ጄልኮት ወፍራም አድርገህ ከቀባኸው፣ ነበልባሉ መጀመሪያ የሚያገኘው ያልታከመውን ነው። ድካምህ ሁሉ ከዚያ ቅብ ሥር ተቀበረ ማለት ነው። ጄልኮቱንም በኤቲኤች የተሞላ አድርገው ወይም በጣም አሳንሰው። ጨርሰህ ግን አታስቀረው፤ የደጋ ፀሐይ ገጹን በልቶ ቃጫውን ያወጣዋል።

«ለምን አሞኒየም ፖሊፎስፌት አልቀላቅልም፣ መጠኑ ይቀንስልኛል አሉ» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ከኤቲኤች ጋር ሲደባለቅ የዱቄቱ ጠቅላላ መጠን ይወርዳል። ሲሞቅ አሲድ ሆኖ ሬዚኑን ወደ ከሰል ይለውጠዋል። ለአውቶቡስ ውስጠኛ ክፍል ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ለቆጣሪ ሳጥን ግን አልመርጠውም። ርካሹ ዓይነት በውሃ ይሟሟል። ሳጥንህ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ነው የሚቆመው። ጨዋማ ነጭ ነገር ገጹ ላይ ካበበ በኤሌክትሪክ በኩል ችግር ነው። የግድ ካልክ ረጅም ሰንሰለት ያለውን፣ ፌዝ ሁለት የሚባለውንና የተሸፈነውን ብቻ ግዛ።

ክብደቱን ለደንበኛህ ቀድመህ ንገረው። ተራ ሬዚን በሊትር 1.2 ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህ ድብልቅ ወደ 1.7 ይጠጋል። ሳጥኑ ይከብዳል። በሌላ በኩል ኤቲኤች ከሬዚን ርካሽ ስለሆነ ወጪህ እንደምትፈራው አይንርም። በነገራችን ላይ ኤቲኤች ድብልቁን እንደ ኖራ አያነጣውም፤ ብርሃን በከፊል ያሳልፋል። ኮሪያን የሚባለው የወጥ ቤት ገበታ ድንጋይ የመሰለው በእሱ ነው፤ አብዛኛው ክብደቱ ይኸው ዱቄት ነው።

ትእዛዝህ በሺህ የሚቆጠር ከሆነ ግን በእጅ መሥራቱን ተው። ሬዚኑ፣ ኤቲኤቹና ቃጫው ቀድሞ ተዋሕዶ በአንሶላ መልክ የሚመጣ ዝግጁ ነገር አለ፤ ኤስኤምሲ ይባላል። ከ140 እስከ 160 ዲግሪ በጋለ ፎርማ ይጨመቃል። ኤቲኤች ውሃውን የሚለቀው ከዚያ በላይ ስለሆነ ችግር የለውም። ፕሬሱ ውድ ነው፤ ተጋርታችሁ ብትገዙት ግን የሚያዋጣ ይመስለኛል።

ፈተናውን ወደ ላቦራቶሪ ከመላክህ በፊት በደጅህ ሞክረው። ርዝመቱ 125፣ ወርዱ 13 ሚሊ ሜትር የሆነ አምስት ቁራጭ ቁረጥ። ውፍረቱ ከሳጥንህ ግድግዳ ጋር እኩል ይሁን። በ4 ሚሊ ያለፈ በ2 ሚሊ ሊወድቅ ይችላል፤ «ቪ-0 ነው» የሚል ሰው ሁሉ ውፍረቱን ካልነገረህ ምንም አልነገረህም። ቁራጩን አቁመህ ስቀለው፤ ከሥሩ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገህ ጥጥ አንጥፍ። 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የጋዝ ነበልባል ከታች ጫፉ ላይ ለ10 ሰከንድ ያዝና አንሳ። ስንት ሰከንድ እንደነደደ ጻፍ። ሲጠፋ እንደገና ለ10 ሰከንድ። ለቪ-0 እያንዳንዱ ከ10 ሰከንድ በላይ መንደድ የለበትም፤ የአምስቱ ቁራጭ ድምር ከ50 ሰከንድ አይበልጥም፤ ጥጡን የሚያቀጣጥል ጠብታ አይወርድም፤ እሳቱም እስከ መያዣው አይደርስም። ነፋስ የሌለበት ግን አየር ያለበት ቦታ ይሁን። ባልዲ ውሃ አጠገብህ አድርግ። ይህ ለራስህ መመሪያ ነው እንጂ ሰርተፍኬት አይደለም።

«ሃሎጅን የለውም» የሚባልህን ሬዚንም ዝም ብለህ አትመን። ንጹሕ የመዳብ ሽቦ ነበልባል ላይ አግለው፤ ነበልባሉ ቀለም እስኪያጣ ድረስ። የጋለውን ሽቦ ሬዚኑ ላይ አስነካና መልሰህ እሳቱ ውስጥ ክተተው። አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን ወይም ብሮሚን አለ ብለህ ጠርጥር። ደጅ አድርገው፤ ጭሱን አትተንፍስ። ሜላሚን የመሰለ ናይትሮጅን የበዛበት ነገርም አንዳንዴ አረንጓዴ ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ አረንጓዴ ካየህ ወደ ላቦራቶሪ ላከው።

አሁን የወንድምህ ልጅ። ዱቄቱ የእሱ ነው። አንተ የቀረህን ብትሰጠው ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። ግን እሱም ሁለት ነገር ይወቅ።

የብሬከር አካል የሚሠራው ብርጭቆ ቃጫ ባለበት ፒቢቲ ከሆነ፣ ቃጫው እሳት ላይ እንደ ኩራዝ ክር ነው። የቀለጠውን ፕላስቲክ ወደ ነበልባሉ እየሳበ ያደርሰዋል። ቃጫ የሌለው ፕላስቲክ ቀልጦ ከእሳቱ ሊሸሽ ይችላል፤ ቃጫ ያለው መሸሻ የለውም። ለዚህ ነው መጠኑ 15፣ 20 በመቶ የሚደርሰው። ዱቄቱን በባልዲ ከፍሬው ጋር ቀላቅሎ ማሽን ውስጥ መጨመርም አያዋጣም፤ አንድ ቦታ ይከማቻል፣ ሌላ ቦታ ይጠፋል። ኮምፓውንድ የሚያደርግ፣ ማለትም ፕላስቲክና ቅመም አቅልጦ የሚያዋሕድ፣ ድርጅት ጋ ያስቀላቅለው፤ ካልሆነም ተቀላቅሎ የመጣ ፍሬ ይግዛ። ለአነስተኛ አምራች የኋለኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌላው ውሃ ነው። ኤስተር የሚባለው ማሰሪያ በትኩስ ውሃ ይቆረጣል። እርጥብ ፒቢቲ 250 ዲግሪ ላይ ሲገባ ውሃው እንደ መቀስ ሰንሰለቱን ይከታትፈዋል፤ የወጣው ዕቃ በእጅ ሲጫን ይሰበራል። በ120 ዲግሪ ለአራት ሰዓት ያድርቀው። እርጥበቱ ከ0.04 በመቶ በታች መውረድ አለበት። «ፓውደሩ ፕላስቲኬን አሰባበረው» የሚል ስሞታ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ማድረቂያውን ነው።

እና እባክህ፣ የአንተን ኤቲኤች ርካሽ ነው ብሎ እንዳይወስድ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ያንን ያደረገ ፋብሪካ አይቻለሁ። 200 ዲግሪ ላይ ውሃውን የሚለቅ ዱቄት 250 ዲግሪ ማሽን ውስጥ ገባ። ከማሽኑ አፍ የወጣው እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን የሆነ ነገር ነበር፤ በጣት ይፈረከሳል። ለአንተ መድኃኒት የሆነው ለእሱ መርዝ ነው።

ስለ ሌሎቹ ፕላስቲኮች ደግሞ፣ ወደፊት ስለምትጠየቅ፣ ባጭሩ ልበልህ። ለኬብል ሽፋን የሚሆነው ኢቪኤና ፖሊኢታይሊን በኤቲኤች ይሞላል፤ ከክብደቱ 60 በመቶ ድረስ ይሄዳል። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ የሚያልፍ ከሆነ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ይተካዋል፤ እሱ እስከ 300 ዲግሪ ይታገሳል። ቃጫ የሌለው ናይለን በሜላሚን ሳያኑሬት እሳትን በደንብ ይቋቋማል፤ ጥቂት መቶኛ ይበቃዋል። ፖሊፕሮፒሊን ላይ እንደ ፈንዲሻ ነፍቶ ከሰል የሚሠራ ድብልቅ አለ። ፒቪሲን ግን ማንም «ሃሎጅን የሌለው» ብሎ ቢሸጥልህ አትግዛ። ፒቪሲ ራሱ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነው።

የመጋረጃው ፖሊስተር፣ ማለትም ፔቱ፣ የራሱ ታሪክ አለው። ትሬቪራ ሲኤስ የሚባለው ጨርቅ ላይ ፎስፎረሱ ላዩን አይቀባም፤ ክሩ ሲሠራ ከሰንሰለቱ ጋር ይገመዳል። ከክብደቱ አንድ በመቶ የማይሞላ ፎስፎረስ ይበቃዋል፤ ስንት ጊዜ ቢታጠብ አይወጣም። ከፒጃማው ስህተት የተገኘውን ትምህርት በደንብ የያዘው እሱ ነው እላለሁ። ይህ ጨርቅ የሚድነው ቀልጦ ከእሳቱ በመሸሽ ነው። ስለዚህ ሆቴል ደንበኛ ካለህ፣ መጋረጃ ሰፊው ሲሊኮን ያለበት ማለስለሻ እንዳያስነካው፣ ከጥጥ ጨርቅም ጋር ደርቦ እንዳይሰፋው ንገረው። ሲሊኮኑም ጥጡም ቀልጦ እንዳይሸሽ ይይዙታል፤ ተይዞ ደግሞ ይነዳል።

ለአንተ የምመክርህ የመጀመሪያ ሙከራ ይኸውልህ። ቀጭን ሬዚን 10 ኪሎ፣ ሻካራ ኤቲኤች 9 ኪሎ፣ ደቃቅ ኤቲኤች 3 ኪሎ፣ ትራይኢታይል ፎስፌት 400 ግራም። ዱቄቱ 120 ለ100 ነው፤ በእጅ ለመሥራት የሚቻልበት ጠርዝ አካባቢ ነው። ማቱን አታሳንስ፤ ቃጫው ራሱ አይነድም፣ በበዛ ቁጥር ነዳጁ ያንሳል። ካለፈ እዚያው ቁም። ካላለፈ ሻካራውን 2 ኪሎ ጨምር፣ እንደገና ሞክር። ከእያንዳንዱ ሙከራ ጄል የሆነበትን ደቂቃ፣ የክፍሉን ሙቀትና የአምስቱን ቁራጭ ሰከንድ በደብተር ያዝና ላክልኝ፤ ቀጥሎ ምን መቀየር እንዳለብን ከቁጥሩ ላይ እናያለን።